የሸፈተ በግ ግዳይ ይሆናል?

(ስለ አደንና ስለ ዱር እንስሳት በተዘጋጀ የምሽት ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት ይህን ቀንድ ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሉት። አትፍሩት፣ አይሸትም። እሺ፣ ትንሽ ይሸታል። ከባድ ስለሆነ በሁለት እጅ ያዙት። የአውራ በግ ቀንድ ነው። የጓደኛዬ ነው፤ አውሶኝ ነው ያመጣሁት።

እጃችሁ ሲገባ አውራ ጣታችሁን ከሥሩ ወደ ጫፉ አስኪዱት። ጎርበጥ ጎርበጥ የሚሉ ቀለበቶች ታገኛላችሁ። ብርድ ሲገባ ሣሩ ያንሳል፣ ቀንዱም ማደጉን ገታ ያደርጋል። ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ይቀጥላል። ያቺ የቆመባት ቦታ ቀለበት ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ዕድሜው ይቆጠራል። ይኼኛው 7 ዓመቱ ነበር። ጫፉ አካባቢ ቀለበቶቹ የተራራቁ ናቸው፤ በወጣትነቱ ቶሎ ቶሎ ያደገበት ነው። ወደ ሥሩ ስትመጡ ጥቅጥቅ ይላሉ። ጫፉ ደግሞ ተሰብሯል። ከሌላ አውራ ጋር ሲጋጭ ይሁን ከድንጋይ ጋር ሲታገል፣ እሱ ነው የሚያውቀው። የበግ ቀንድ እንደ ፈረንጆቹ አጋዘን (ዲር) ቀንድ በየዓመቱ አይወድቅም። የኖረውን ዘመን በሙሉ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞት ይዞራል።

ጓደኛዬ ይህን በግ የጣለው ኒውዚላንድ፣ ደቡብ ደሴት ላይ ነው። አጥር በሌለበት ተራራ። ሦስት ቀን ተከታትሎታል። የመጀመሪያው ቀን ነፋሱ ዞረበትና መንጋው ሽታውን አግኝቶ ነጎደ። ሁለተኛው ቀን ጭጋግ ወርዶ እጁን እንኳ ማየት አልቻለም። ሦስተኛው ቀን በደረቱ እየተሳበ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ ተጠግቶ ተኮሰ። እዚህ ድረስ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ዝግ ብሎ ነው የሚነግራችሁ። በጉ ጋ ደርሶ ራሱን ቀና ሲያደርግ ግራ ጆሮው ላይ ምልክት አየ። በመቁረጫ የወጣች፣ ጠርዟ ከዳነ የቆየ፣ የተስተካከለች ቁርጥ። ገና ግልገል እያለ አርቢ ነው ያደረገበት።

"የሰው በግ ነው ለካ የገደልኩት" አለኝ።

ሕግ አልጣሰም። የመሬቱ ባለቤት ፈቅዶለታል። እንዲያውም ሣሬን ጨረሱብኝ ብሎ አመስግኖ ነው የሸኘው። ግን አንዳች ነገር ቆረቆረው። እኔም ዛሬ የመጣሁት ስለዚያች ጆሮ ላወራችሁ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። ዝም ያለ፣ ያሉትን ሁሉ የሚቀበል ሰው ሲያጋጥመን "በግ እኮ ነው" እንላለን። "እንደ በግ ተነዳ" እንላለን። በሌላ በኩል ደግሞ "ግዳይ" የሚባል ቃል አለን። ግዳይ የሚያስፎክር ነገር ነው። አንበሳ ነው፣ ጎሽ ነው፣ ዝሆን ነው። በግ ጥሎ የፎከረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ቢኖርም ፉከራውን ሳይጨርስ አዳራሹ በሳቅ ያልቃል።

ታዲያ ከበረት ወጥቶ፣ ዱር ገብቶ፣ ያለ ሰው የሚዋለድ በግ ምን ይባላል? "የዱር በግ" እንዳንለው የዱር በግ ሌላ አለ። የሰሜን አሜሪካው ቢግሆርንና የመካከለኛው እስያው አርጋሊ ከመጀመሪያውም ማንም ያልገዛቸው ናቸው። እኔ "የሸፈተ በግ" ነው የምለው። ትናንት እረኛ ነበረው፣ ዛሬ ጫካ ነው። የኔን ስያሜ ካልወደዳችሁት የተሻለ አምጡ፤ እቀበላለሁ።

ሽፍትነቱ ግን ደረጃ አለው። በ2004 ኒውዚላንድ ውስጥ ሽሬክ የሚል ስም የወጣለት አንድ የሜሪኖ በግ ተያዘ። ከመሸለት ሸሽቶ 6 ዓመት ዋሻ ለዋሻ ሲደበቅ ኖሮ ነው። ሲያገኙት ፊቱ አይታይም ነበር። የተሸለተለት ሱፍ 27 ኪሎ ሆነ። ሜሪኖ ሱፉ በራሱ እንዳይረግፍ ሆኖ የተዳቀለ እንስሳ ነው። ዱር ሲገባ ሰው የሠራበትን ነገር ተሸክሞ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለውን በግ ተኩሶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? መቀስ ነው የሚያስፈልገው እኮ።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የአውሮፓ ሙፍሎን አለ። ኮርሲካና ሰርዲኒያ ደሴቶች ላይ ያለው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘው፣ ጎኑ ላይ ነጭ ኮርቻ መሳይ ምልክት ያለው። አዳኞች ለብዙ ዘመን የአውሮፓ የዱር በግ እያሉ አክብረውት ኖረዋል። ከዚያም ወደ ዋናው አህጉር እየወሰዱ ለአደን በየጫካው አሰራጩት። ሳይንቲስቶች ሲያጣሩ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ የጥንት ገበሬዎች በጀልባ ያመጧቸው የቤት በጎች ዝርያ ነው። ሸፍቶ ቀረ። ስንት መኳንንት የጎረሩበት ግዳይ የአንድ ጥንታዊ ገበሬ የጠፋ በግ ነበር ማለት ነው። ካሣ የሚጠይቅ ወራሽ አለመኖሩ በጀ።

እንግዲህ 6 ዓመት የሸፈተ አለ፣ 7,000 ዓመት የሸፈተ አለ። መስመሩን የት ላይ እናስምር? የጓደኛዬ በግ ለሽሬክ ነው የሚቀርበው፣ ለሙፍሎኑ? ዘሩን ብትቆጥሩ ለሽሬክ። ሦስት ቀን ያባረረውን ብትጠይቁት ግን ለሙፍሎኑ ነው የሚላችሁ።

በግ ደግሞ የሚወራበትን ያህል ሞኝ አይደለም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት በግ የ50 በጎችን ፊት ለይቶ ከ2 ዓመት በላይ ማስታወስ እንደሚችል አሳይተዋል። የዓይኑ ብሌን ጋደም ያለ ነው፤ ራሱን ሳያዞር ከጎንና ከኋላው ያለውን አብዛኛውን ያያል። እረኛ ሳይኖረው ለትውልድ የኖረ መንጋ ሰው የሚባል ቁመና ከሩቅ ካየ አይቆምላችሁም። ስለዚህ በነጻ ተራራ ላይ የሸፈተ በግ ማደን ቀልድ አይደለም። ይህን ላልሞከረው ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሸፈተ በግ የሚያድኑ ሰዎች ለምን ታድናላችሁ ሲባሉ ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንደኛው፣ "ይህ በግ መጤ ነው፣ አገሩን እያጠፋ ነው፣ እኛ ተፈጥሮን እየረዳን ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ትልቅ ቀንድ ያለው የሚያምር አውራ ነው፣ በላቤ ያገኘሁት ነው" የሚል ነው። ሁለቱም ለየብቻ ይገቡኛል። በአንድ አፍ ሲነገሩ ግን አይገቡኝም። ለምን እንደሆነ የሃዋይን ነገር ላጫውታችሁ።

በ1793 ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር ሃዋይ ላይ በጎች አወረደ። ስጦታ ነበሩ። በጎቹ ተዋልደው በዙ፣ አመለጡ፣ ማውና ኬያ የሚባለው 4,207 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ወጡ። እዚያ የሚበላቸው አውሬ የለም። በ1930ዎቹ ተራራው ላይ 40,000 ያህል በጎች እንደነበሩ ይገመታል። የሚበሉት ደግሞ ማማኔ የሚባለውን ዛፍ ነው። ችግኙን ከሥሩ ይግጡታል፣ የትልቁን ልጥ ይልጡታል። የጫካ ሠራተኞቹ አጥር አጥረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ጨረሱ። ጫካው ትንሽ ተነፈሰ።

ከዚያስ? ከዚያ ሰው አደን ፈለገ። መንግሥት ፖሊሲውን ገለበጠና የቀሩትን በጎች ለአዳኞች ብሎ ይንከባከብ ጀመር። አልበቃ ብሎ በ1960ዎቹ ሙፍሎን አምጥቶ ጨመረበት። ለአደን የተሻለ ይሆናል ተብሎ ነው።

እዚያው ተራራ ላይ ፓሊላ የምትባል ወፍ አለች። ራሷ ቢጫ፣ ምንቃሯ አጠር ጠንከር ያለ። ምግቧ የማማኔ ያልበሰለ ፍሬ ነው። ለሌላው እንስሳ መርዝ የሆነውን ዘር በእግሯ ይዛ ፈልቅቃ ትበላለች። ማማኔ ከሌለ ፓሊላ የለችም። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ነገር ነው። በ1978 በወፏ ስም ክስ ተመሠረተ። አዎ፣ ከሳሿ ፓሊላ፣ ተከሳሹ የሃዋይ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት። በ1979 የፌዴራል ዳኛው በጎቹና ፍየሎቹ ከተራራው ይውጡ ብሎ ወሰነ። ይግባኙም በ1981 ጸና። በኋላ ስለ ሙፍሎኑ እንደገና ተከራክረው በ1988 ወፏ እንደገና አሸነፈች። ያን ጊዜ ዳኛው በውሳኔው ላይ ወፏ በገዛ ክንፏ በርራ ፍርድ ቤት እንደገባች ጻፈ። ዳኞችም አንዳንዴ ይቀልዳሉ።

አሸነፈች ይበሉ እንጂ ነገሩ አላለቀም። በጎቹ ከአጥር ይገባሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ከሄሊኮፕተር ይተኮስባቸዋል። የአካባቢው አዳኞች ይቃወማሉ። ሥጋችንን ነው የምትጥሉት ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚያ ቤተሰብ ተራራው የሥጋ መደርደሪያው ነው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች አክብሮት አለኝ። የሚበላ ሰው ምክንያቱን አያሳምርም።

የሃዋይ ታሪክ የሚያሳየኝ ግን ይህን ነው። ለአደን ሲባል የሚቀር በግ፣ ጫካውን ለማጥፋት የሚቀር በግ ነው። ግዳይ ፈላጊ በጉ እንዲያልቅ አይፈልግም። ካለቀ የሚመጣው ዓመት ምን ያድናል?

እስቲ ሒሳቡን በእረኛ ዓይን እዩት። ተራራው ላይ 100 በጎች አሉ እንበል፤ 40 አውራ፣ 60 ሴት። ባለትልቅ ቀንዶቹን 20 አውራዎች ግደሉ። የሚመጣው ዓመት ስንት ግልገል ይወለዳል? ያው ነው። 60ዎቹም ይወልዳሉ፤ የቀሩት አውራዎች ደግሞ ሥራቸው በዝቶላቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚውሉት። በግ አርብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መንጋ የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲቀነሱ ነው። ስለዚህ "ተፈጥሮን ልረዳ ነው" የሚል ሰው መጀመሪያ መተኮስ ያለበት ቀንድ የሌላትን፣ ምናልባት ያረገዘችውን እናት በግ ነው። እሷን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አላየሁም። ፎቶም አብሯት አይነሳም።

በእውነት ለማጥፋት የወሰኑ ሰዎች ሥራቸው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ዳርቻ ላይ ሳንታ ክሩዝ የምትባል ደሴት አለች። ከ1981 እስከ 1989 ባለው ጊዜ ከ37,000 በላይ የሸፈቱ በጎች እዚያ ተገድለዋል። ሴት፣ ወንድ፣ ግልገል ሳይመረጥ። ክብር የለው፣ ፉከራ የለው፣ ፎቶ የለው። ጽዳት ነው። አንብቤ ስጨርስ አልተመቸኝም። ግን ቢያንስ የሚሉትና የሚያደርጉት አንድ ነበር። ዛሬ የደሴቲቱ ተክል ተመልሷል።

ካምቤል ደሴት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ። ከኒውዚላንድ በስተ ደቡብ፣ ነፋስ የማያርፍበት ቦታ ነው። የበግ እርባታው ከስሮ በ1931 ሰዎቹ ሲወጡ 4,000 ያህል በጎች እዚያው ቀሩ። በኋላ ደሴቱን ለማጽዳት ሲወሰን በ1970ዎቹ አጋማሽ 10 በጎች ብቻ ወደ ዋናው አገር ተወሰዱ፤ ዘራቸው እንዳይጠፋ። የቀሩት በጊዜ ብዛት ተገድለው አለቁ። አሥር ማትረፍ ምን ዋጋ አለው የሚል አለ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የምትገድለውን ነገር ምንነት አውቀህ መግደል ነው።

"ታዲያ ለምን አይተዉአቸውም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። የተተዉ አሉ። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ሴንት ኪልዳ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በ1930 የመጨረሻዎቹ 36 ነዋሪዎች ለቅቀው ወጡ። በ1932 ደግሞ ሶአይ የሚባለው ዝርያ 107 በጎች ሂርታ የሚባለው ደሴት ላይ ተለቀቁ። ዛሬም ማንም አይነካቸውም። ሳይንቲስት ብቻ እየሄደ ይቆጥራቸዋል። ነጻ ናቸው። ግን ይበዛሉ፣ ሣሩ ያልቃል፣ ክፉ ክረምት ሲመጣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በርሃብ የሚያልቁበት ዓመት አለ። በርሃብ የሚሞት በግ ለሳምንታት ነው የሚሞተው። ጥይት ሁሉ ጭካኔ፣ መተው ሁሉ ርኅራኄ አይምሰላችሁ።

ወደ አጥሩ ልምጣ። ይህ አጭር ነው፤ ምክንያቱም ብዙም የሚያከራክር አይመስለኝም።

ብዙ የአደን እርሻዎች አሉ። አውራው እዚያው ተወልዶ፣ መኖ እየበላ፣ ቀንዱ እየተለካ ያድጋል። ደንበኛው ዋጋውን እንደ ቀንዱ ርዝመት ይከፍላል። ጠዋት መጥቶ ከሰዓት በኋላ ግዳዩን ይዞ ይመለሳል። ይህ እርድ ነው። እርድ ነውር አይደለም፣ ሁላችንም ሥጋ እንበላለን። እርድን አደን ብሎ መሸጥ ነው ያስቀየመኝ። ፎቶውን ደግሞ እዩት። አዳኙ ከበጉ ኋላ ራቅ ብሎ ይንበረከካል፤ ቀንዱ ግዙፍ እንዲመስል። ደሙ ይጠረጋል፣ ምላሱ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከጀርባ ተራራ ይታያል። አጥሩ ሁልጊዜ ከካሜራው በስተ ጀርባ ነው።

ነገሩ የት እንደሚደርስ ላሳያችሁ። በ2024 አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ አንድ የ81 ዓመት አርቢ 6 ወር እስር ተፈረደበት። ምን አደረገ? በዓለም ትልቁ በግ ከሆነው ከማርኮ ፖሎ አርጋሊ የተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ከኪርጊስታን አስገባ። ላቦራቶሪ ሰጠ። ኮፒ አስወጣበት። የተወለደውን አውራ "የሞንታና ተራራ ንጉሥ" ብሎ ሰየመው። ዘሩን ከሌሎች በጎች ጋር እያዳቀለ፣ ግዙፍ ቀንድ ያላቸውን ለታጠሩ የአደን ቦታዎች ለመሸጥ ነው። ሰውየው ክፉ ነው ለማለት አይደለም ያነሳሁት። ገበያው የፈለገውን አቀረበ። ገበያው የፈለገው ደግሞ ቀንድ ነው፤ በጉ ሰበብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ደንብ አለ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ያቋቋመው ቡን ኤንድ ክሮኬት የሚባል የአዳኞች ክበብ "ፍትሐዊ አደን" የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አስተዋውቋል። እንስሳው ነጻ መሆን አለበት፣ አዳኙም አላግባብ ብልጫ ሊወስድበት አይገባም። የክበቡ መዝገብ የሚቀበለው የአገሩን የዱር እንስሳ ብቻ ነው። የሸፈተ በግ አይገባም። የጓደኛዬ ሦስት ቀን እዚያ መዝገብ ላይ ዋጋ የለውም። ሌሎች መዝገቦች ግን መጤውንም የታጠረውንም ይመዘግባሉ።

እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ለኔ ጥያቄው አንድ ነው፤ በጉ ማምለጥ ይችል ነበር ወይ? ዘሩ ከየት መጣ የሚለው ቆይቶ ነው የሚመጣው። የጓደኛዬ በግ ሁለት ቀን አምልጦታል። ሦስተኛውን ቀን ጭጋጉ ባይነሳ ኖሮ ዛሬ ቀንዱን አትነኩትም ነበር። ግዳይ ሊባል የሚችል ከሆነ በዚህ ነው። "ተፈጥሮን ረዳሁ" ካለኝ ግን እስቃለሁ። እሱም አይልም፤ ለዚህ ነው የምወደው።

ከውይይቱ ሁለት ጥያቄዎችን ልጨምር።

አንዲት ልጅ "ሥጋው ከተበላ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። ምንም። ያረጀ አውራ ግን ሥጋው ጅማት ነው፤ በተለይ ሴት በሚፈልግበት ወቅት ከሆነ ሽታው ድስቱን አይለቅም። ሥጋ ፈልጎ የወጣ ሰው ወጣቷን ነው የሚመርጠው። "ለሥጋ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ የትኛውን እንደመረጠ ጠይቂው።

ጠና ያሉ ሰው ደግሞ ከኋላ ተነስተው "አንተ ራስህ ተኩሰህ ታውቃለህ ወይ?" አሉኝ። አንድ ጊዜ ጋሼ። ልምምዱን በደንብ ሠርቼ ነበር። አውራው ከ150 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። መነጽሩ ውስጥ ሲያመሰኳ ይታየኛል። መንጋጋው ወዲህ ወዲያ። ጣቴ ምላጩ ላይ ሆኖ፣ ማመስኳቱን እስኪጨርስ ልጠብቀው አልኩ። አልጨረሰም። ከዚያ አንዷ እናት በግ አየችኝና አስነጠሰች፤ ሁሉም ሄዱ። አብሮኝ የነበረው ይኸው የቀንዱ ባለቤት ነበር። እስከ ካምፕ ድረስ አላናገረኝም።

ቀንዱ አሁን የት ደረሰ? እዚያ ጥግ ነው? ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት መልሱልኝ እባካችሁ። ቅዳሜ እመልስልሃለሁ ብየዋለሁ። ቤቱ ግድግዳ ላይ ቦታው ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያቺን ጆሮ በትንሽ ጠርሙስ አድርጎ አስቀምጧታል።